እንቁላል በእግሩ የሚሄደው እንዴት ነው? የክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ የምርምር ሕይወትና ለሕክምና ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በማዋለጃ ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገለ የጤና ባለሙያ ሊረሳው የማይችለው አንድ ወሊድ አይጠፋም። እናቲቱ እርግዝናዋን በሰላም ፈጽማ ስትገላገል የሕፃኑ አፍንጫ በቦታው የለም፤ ሁለቱ ዐይኖቹ እጅግ ተቀራርበዋል፤ አልፎ አልፎም በፊቱ መሐል አንድ ዐይን ብቻ ይታያል። ሆሎፕሮሰንሰፋሊ በተባለው በዚህ የአፈጣጠር ጉድለት፣ ግራና ቀኝ ሆኖ መከፈል የሚገባው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሳይከፈል ይቀራል። ጉድለቱ ከባድ ሲሆን ሕፃኑ በሕይወት የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው የእናቲቱ ጥያቄ ግን ለዓመታት አብሯት ይኖራል። በዙሪያዋ ያሉ ሰዎችም መልሱን ከእርግማን ወይም ከመቅሠፍት ሊፈልጉ ይችላሉ።

ሳይንስ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ከፍ ያለው ድርሻ የመነጨው ሕክምና ነክ ካልሆነ ምርምር ነው። መነሻው በጀርመን አገር በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች የሞቱ የዝንብ ዕጮችን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ የመረመሩበት ሥራ ነበር። ከሁለቱ አንዷ ፕሮፌሰር ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሳይንቲስት የምርምር ሕይወት በመከተል፣ ስለ ዝንብ ሽል የተነሣ ጥያቄ በምን መንገድ ወደ ሕሙማን አልጋ እንደ ደረሰ ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ ኦክቶበር 20 ቀን 1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ በጀርመን ማግደቡርግ ተወለዱ። ያደጉት በፍራንክፈርት ሲሆን አባታቸው የሥነ-ሕንፃ ባለሙያ ነበሩ። አያታቸው ፍራንዝ ፎልሃርድ ደግሞ በኩላሊት በሽታና በደም ግፊት ላይ ባደረጉት ጥናት ስማቸው የሚጠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበሩ። ኑስላይን-ፎልሃርድም በ1962 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሕክምና ስለማጥናት ለጥቂት ጊዜ አስበው ነበር። ሙያውን በቅርብ ለማየት ሲሉ ለአንድ ወር በሆስፒታል በአስታማሚነት ሠሩ። ይህ ልምድ ሐኪም ላለመሆን ቁርጥ ውሳኔ ላይ እንዲደርሱ አደረጋቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚማርኳቸው ዕፅዋትና እንስሳት ነበሩና ፊታቸውን ወደ ሥነ-ሕይወት መለሱ።

በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን ትምህርት ትተው በ1964 ወደ ቱቢንገን በመዛወር ባዮኬሚስትሪ አጠኑ። የዶክትሬት ጥናታቸውንም በዚያው ከተማ በማክስ ፕላንክ የቫይረስ ምርምር ተቋም አካሄዱ። ጥናቱ ዲ.ኤን.ኤ.ን ወደ አር.ኤን.ኤ. የሚገለብጠው ኢንዛይም ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይመለከት ነበር። በ1973 ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ የሞለኪዩላር ባዮሎጂን ጥብቅ ሥልት ጨብጠው ነበር፤ ሆኖም ቀሪ ዘመናቸውን የሚሰጡት ጥያቄ ገና ይፈልጉ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ትዕግሥት የተነገረ ነው። ኑስላይን-ፎልሃርድን የሳበው ጥያቄ ግን በዚሁ አነጋገር ቃል በቃል ሊገለጽ ይችላል። ክብና ልሙጥ ከሆነች አንዲት እንቁላል ራስና ጅራት፣ ሆድና ጀርባ፣ እግርና ክንፍ ያለው ፍጡር እንዴት ይወጣል? ከአንዲቱ ሕዋስ የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረ-መል ይዘው ሳለ፣ አንዱ የራስ ሌላው የሆድ ሕዋስ መሆን እንዳለበት የሚነግረው ማን ነው?

የፍራፍሬ ዝንብ የተመረጠችበት ምክንያት

ድሮሶፊላ የተባለችው ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የዘር ውርስ ተመራማሪዎች ባልደረባ ናት። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ በብዛት ትራባለች፤ ትውልዷ በሁለት ሳምንት ገደማ ይተካል። እንቁላሏ በተጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ዕጩ ይፈለፈላል። የዕጩ አካል በአንጓዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በሆዱ በኩል በየአንጓው ጥቃቅን እሾሆች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ ረድፎች ለተመራማሪው እንደ ካርታ ያገለግላሉ። አንድ አንጓ ቢጎድል ወይም አቅጣጫው ቢዛባ ረድፎቹን በማየት ብቻ ማወቅ ይቻላል።

ኑስላይን-ፎልሃርድ በ1975 ወደ ስዊዘርላንድ ተጉዘው በባዝል ከተማ በፕሮፌሰር ዋልተር ጌሪንግ ላቦራቶሪ ስለ ዝንብ ሽል ማጥናት ጀመሩ። ከአሜሪካዊው ወጣት ተመራማሪ ከኤሪክ ዊሻውስ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ቀጥሎም በጀርመን ፍራይቡርግ ከነፍሳት ሽል አጥኚው ከክላውስ ሳንደር ዘንድ ሠሩ። በእነዚህ ዓመታት የሽሉን የሆድና የጀርባ ወይም የራስና የጅራት አቅጣጫ የሚያዛቡ ጥቂት የዘረ-መል ለውጦችን መረመሩ። ጥቂቶቹ ለውጦች አንድ ነገር አመለከቷቸው። አንድ ዘረ-መል ሲበላሽ በሽሉ ላይ የሚጎድለውን በመመልከት የዘረ-መሉን ጤናማ ተግባር መገመት ይቻላል።

የሃይደልበርጉ አሰሳ

በ1978 ኑስላይን-ፎልሃርድና ዊሻውስ በሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ፤ አንዲት ጠባብ ክፍልም በጋራ ተሰጣቸው። በዚያ የነደፉት ዕቅድ በጊዜው ደፋር ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች በአጋጣሚ የተገኘን አንድ የተለወጠ ዝንብ ይዘው ያጠኑ ነበር። ሁለቱ ግን ለሽሉ አካል አቀማመጥ የሚያስፈልጉትን ዘረ-መሎች በሙሉ ለማግኘት ተነሡ።

የሁለቱን አካሄድ ልዩነት የጤና ባለሙያ በቀላሉ ይረዳዋል። ሕሙማን በራሳቸው ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪመጡ የሚጠብቅ ሰው የሚያየው የበሽታውን ከፊል ገጽታ ነው። ቤት ለቤት አሰሳ የሚያደርግ ግን የችግሩን ጠቅላላ ስፋት ይደርስበታል። አሰሳው እየገፋ ሄዶ በተደጋጋሚ የሚገኙት ቀድሞ የተመዘገቡት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ቆጠራው ወደ መጠናቀቁ መቃረቡ ይታወቃል። ኑስላይን-ፎልሃርድና ዊሻውስም በተመሳሳይ ስሌት፣ አዲስ የሚገኙት ለውጦች ቀድሞ በተመዘገቡት ዘረ-መሎች ላይ መደጋገም እስኪጀምሩ ፍለጋውን ቀጠሉ።

የሥራው ሂደት የሚከተለው ነበር። ለወንድ ዝንቦች ዘረ-መልን በዘፈቀደ የሚጎዳ ኬሚካል በስኳር ውኃ ተደርጎ ይሰጣቸዋል። ልጆቻቸው በየግል ተለይተው ለተከታታይ ትውልዶች እንዲዳቀሉ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት የተበላሸ ዘረ-መል የያዙ ወንድምና እህት ዝንቦች ሲዳቀሉ፣ ከሽሎቻቸው አንድ አራተኛው የተበላሸውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች ይወርሳል። ዘረ-መሉ ለዕድገት አስፈላጊ ከሆነ እነዚህ ሽሎች ሳይፈለፈሉ ይሞታሉ። የሞተው ዕጭ የውጭ ሽፋን ግን ስለማይጠፋ በመስታወት ላይ ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለሁለት ሰው የሚያገለግል ማይክሮስኮፕ በመጠቀም አንዱን ዕጭ በአንድ ጊዜ አብረው እያዩ ይወያዩበት ነበር። በኋላም ጌርድ ዩርገንስ የተባሉ ተመራማሪ ተቀላቀሏቸው።

በዚህ መንገድ ወደ 27,000 የሚጠጉ የዝንብ ዘር መስመሮች ተፈተሹ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የአካሉን አቀማመጥ ለይተው የሚወስኑት ዘረ-መሎች ወደ 120 ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ ሁለት ትምህርት ነበረው። አንደኛ፣ ተአምር የሚመስለው የአካል አሠራር በጣት ባይሆንም ሊቆጠሩ በሚችሉ ትእዛዞች የሚመራ ነው። ሁለተኛ፣ ጉድለቶቹ ሥርዓት አላቸው።

በ1980 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል አንጓዎችን የሚመለከቱ 15 ዘረ-መሎችን በሦስት ክፍል መድቦ አቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ሲበላሹ ተከታታይ አንጓዎች በአንድነት ይጠፋሉ። ሁለተኛዎቹ ሲበላሹ በየሁለት አንጓው የሚደጋገም ጉድለት ይታያል። ሦስተኛዎቹ ሲበላሹ ደግሞ የአንጓዎቹ ቁጥር ሳይቀንስ በእያንዳንዱ አንጓ ውስጥ አንዱ ክፍል ጠፍቶ በሌላው ክፍል መስተዋት ምስል ይተካል። ሽሉ አስቀድሞ በሰፋፊ ክልሎች፣ ከዚያም በጥንድ አንጓዎች፣ በመጨረሻም በእያንዳንዱ አንጓ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንደሚከፋፈል ከዚህ ታወቀ።

ከእናት የሚመጣ መመሪያ

ኑስላይን-ፎልሃርድ በ1981 ወደ ቱቢንገን ተመለሱ፤ በ1985ም በማክስ ፕላንክ የዕድገተ-ሽል ባዮሎጂ ተቋም ዳይሬክተር ሆኑ። ዊሻውስ በበኩላቸው ወደ አሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በቱቢንገን የቀረበው ቀጣይ ጥያቄ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከየት ይመጣል የሚል ነበር።

ከመልሶቹ አንዱ ባይኮይድ በተባለው ዘረ-መል ተገኘ። ይህ ዘረ-መል የተበላሸባት እናት የምትጥለው እንቁላል ራስና ደረት የሌለው ሽል ይሆናል። እናቲቱ የባይኮይድን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በእንቁላሉ የፊት ጫፍ ላይ ታስቀምጣለች። እንቁላሉ ሲጣል ከዚያ የሚሠራው ፕሮቲን ወደ ኋላ ይሠራጫል፤ ስለዚህ በፊት በኩል ብዙ፣ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። በ1988 ኑስላይን-ፎልሃርድ ከቮልፍጋንግ ድሪቨር ጋር ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የፕሮቲኑ ክምችት የእያንዳንዱን አካባቢ ዕጣ ይወስናል። የመድኃኒት ውጤት እንደ መጠኑ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ሕዋሳቱም የሚያገኙትን የፕሮቲን መጠን «አንብበው» የራስ ወይም የደረት ሕዋስ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ አካልን የሚቀርጽ ንጥረ ነገር ሞርፎጅን ይባላል። የሞርፎጅን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ በጽንሰ-ሐሳብ ደረጃ ሲነገር የቆየ ሲሆን፣ ባይኮይድ ተጨባጭ ማስረጃ ሆነለት።

የሆድና የጀርባ አቅጣጫን ከሚወስኑት መካከል ደግሞ ቶል የተባለው ዘረ-መል ይገኛል። ቃሉ በጀርመንኛ «ድንቅ» እንደማለት ነው። ካትሪን አንደርሰን ከኑስላይን-ፎልሃርድ ጋር በ1985 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ዘረ-መል ከሌለ ሽሉ ሆድ የሌለው፣ ዙሪያው ሁሉ ጀርባ የሆነ እንደሚሆን አስረዱ። በጊዜው ይህ ዘረ-መል ከተላላፊ በሽታ ጋር ግንኙነት ይኖረዋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ከዝንብ ወደ ሰው

ከሃይደልበርግ ዘረ-መሎች አንዱ ሄጅሆግ ይባላል። ዘረ-መሉ ሲበላሽ ዕጩ አጥሮ ሆዱ በሙሉ በእሾህ ስለሚሸፈን፣ ሄጅሆግ በተባለው እሾሃም ትንሽ እንስሳ ተሰየመ። በ1993 የዚህ ዘረ-መል ዘመዶች በአከርካሪ አጥንት ባላቸው እንስሳት ውስጥ ተገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚል ስም ተሰጠው። በ1996 ይህ ዘረ-መል የጠፋባቸው አይጦች በፊታቸው መሐል አንድ ዐይን መሰል አካል ብቻ ይዘው ታዩ። በዚያው ዓመት ሆሎፕሮሰንሰፋሊ በሚደጋገምባቸው ቤተሰቦች ይኸው ዘረ-መል ተበላሽቶ ተገኘ። በመግቢያው የተጠቀሰው ሕፃንና የሃይደልበርጉ ዕጭ በአንድ መልእክት መጓደል የተጎዱ ሆነው ተገናኙ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ነበር። በ1950ዎቹ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አንድ ዐይን ብቻ ያላቸው ግልገሎች በብዛት ይወለዱ ነበር። ምክንያቱ እናቶቻቸው በእርግዝና 14ኛ ቀን ገደማ የበሉት ቬራትረም ካሊፎርኒከም የተባለ የዱር ተክል መሆኑ ተደረሰበት። በተክሉ ውስጥ ያለው መርዝ ሳይክሎፓሚን ተባለ። በ1998 ደግሞ ይህ ንጥረ ነገር የሄጅሆግን መልእክት በሕዋስ ላይ እንደሚያግድ ታወቀ። ስለዚህ ዘረ-መሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ በወሳኙ ቀን መልእክቱ ከታገደ ያው ጉድለት ይፈጠራል።

የዚህ መልእክት ከልክ ማለፍም ጉዳት አለው። ፓችድ የተባለው ሌላው የዝንብ ዘረ-መል የሄጅሆግን መልእክት የሚገታ ልጓም ነው። በ1996 የሰው ፓችድ ዘረ-መል ጉድለት የጎርሊን ሲንድሮም መንስኤ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች በርካታ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የተባሉ የቆዳ ካንሰሮች ይወጡባቸዋል። ልጓሙ ሲላላ ሕዋሳቱ ያለማቋረጥ ይራባሉ ማለት ነው። ከዚህ ዕውቀት በመነሣት መልእክቱን የሚያግደው ቪስሞደጊብ የተባለ መድኃኒት በጃንዋሪ 2012 በአሜሪካ ለተስፋፋ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የማይሰጥበት ምክንያት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ግልጽ ነው። በአይዳሆ በጎች የታየው ጉዳት በሰው ፅንስ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የቶል ዘረ-መል ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1996 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ በዡል ሆፍማን ላቦራቶሪ፣ ቶል የተበላሸባቸው አዋቂ ዝንቦች በፈንገስ ተጠቅተው እንደሚያልቁ ታየ። በ1998 የብሩስ ቦይትለር ቡድን ቶልን የሚመስል የአይጥ ተቀባይ የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችን ኢንዶቶክሲን እንደሚያውቅ አረጋገጠ። በሴፕሲስ ደሙ የተመረዘ ሕመምተኛ የደም ግፊቱ ሲወርድ፣ ክስተቱን ከሚያስነሡት የመጀመሪያ ደወሎች አንዱ ይህ ተቀባይ ነው። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ከራልፍ ስታይንማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ሌሎቹም ዘረ-መሎች በሕክምና መጻሕፍት ቦታቸውን ይዘዋል። ዊንግለስ የተባለው የዝንብ ዘረ-መል ዘመድ የሆነበት የመልእክት መሥመር በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ዋነኛ ሚና አለው። ረንት የተባለው ዘረ-መል ዘመድ በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ተዛብቶ ይገኛል። የፔርድ ዘመድ ፓክስ 3 ሲጎዳ መስማት አለመቻልንና የቆዳ፣ የፀጉርና የዐይን ቀለም መለወጥን የሚያስከትለው ዋርደንበርግ ሲንድሮም ይከሰታል።

ከዝንብ ወደ ዓሣ

ኦክቶበር 1995 ኑስላይን-ፎልሃርድ፣ ዊሻውስና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሉዊስ የፊዚዮሎጂ ወይም ሕክምና የኖቤል ሽልማትን በጋራ አገኙ። ሉዊስ አንጓዎቹ ከተሠሩ በኋላ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሆኑ የሚወስኑትን ዘረ-መሎች ያጠኑ ነበሩ። ኑስላይን-ፎልሃርድ ይህን የሽልማት ዘርፍ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት ሴት ናቸው።

ሽልማቱ ሲመጣ እርሳቸው ሌላ ሥራ ጀምረው ነበር። ዝንብ አከርካሪ አጥንትም ሆነ እንደ ሰው ያለ የደም ዝውውር የላትም። ስለዚህ የሃይደልበርጉን አሰሳ ሽሉ በሚያስተላልፍ እንቁላል ውስጥ ከእናቱ ውጭ በሚያድገው ዜብራ ዓሣ ላይ ደገሙት። በዲሴምበር 1996 ዴቨሎፕመንት የተባለው መጽሔት አንድ ሙሉ እትም የቱቢንገንና የቦስተን ቡድኖችን ውጤት ይዞ ወጣ። የቱቢንገኑ ቡድን ብቻ ከ370 በላይ ዘረ-መሎችን ለይቶ አቅርቧል። ከዓሣዎቹ መካከል በደም ማነስ የገረጡ ነበሩ። አንዱ የገረጣ ዓሣ በ2000 ብረትን ከሕዋስ ወደ ደም የሚያወጣው ፌሮፖርቲን የተባለ ፕሮቲን እንዲታወቅ ረድቷል።

ኑስላይን-ፎልሃርድ ከ2001 እስከ 2006 የጀርመን ብሔራዊ የሥነ-ምግባር ምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2004 በስማቸው ያቋቋሙት ድርጅት ልጆች ላሏቸው ወጣት ሴት ተመራማሪዎች የቤት ሠራተኛና የሕፃናት ሞግዚት ወጪን ይደጉማል። ይህም በቤት ሥራ የሚባክነው ሰዓት ለላቦራቶሪ እንዲውል ታስቦ ነው። በ2014 ከዳይሬክተርነት ከተነሡም በኋላ በዓሣ ቆዳ ላይ ያሉት መሥመሮች እንዴት እንደሚሠሩ መመርመራቸውን ቀጥለዋል።

ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት ጊዜን ይመለከታል። የሰው ሽል የፊተኛ አንጎል መሠረቱን የሚይዘው ከፅንሰት በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ነው። የኅብለ-ሰረሰር ቱቦም በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ መስጠት፣ የስኳር ሕመም ያለባትን ሴት የደም ስኳር ማስተካከል፣ እንዲሁም እንደ አይሶትሬቲኖይን ያሉ ፅንስን የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማቆም ሙሉ ጥቅም የሚሰጡት ከእርግዝና በፊት ሲጀመሩ ነው። ቀድሞ የነበረ የእናት የስኳር ሕመም ለሆሎፕሮሰንሰፋሊ ከታወቁት አጋላጭ ሁኔታዎች አንዱ መሆኑም ሊታወስ ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት ምርመራን ይመለከታል። ሆሎፕሮሰንሰፋሊ አንድ መንስኤ ብቻ የለውም። ትራይሶሚ 13ን የመሰሉ የክሮሞሶም ችግሮችም ያስከትሉታል። የሶኒክ ሄጅሆግ ጉድለት ያለበት ወላጅ ግን ራሱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ምልክቱ በላይኛው መንጋጋ መሐል ሁለት መሆን የሚገባው የፊት ጥርስ አንድ ብቻ መሆኑ ወይም የዐይኖች መቀራረብ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ሕፃን ሲወለድ የወላጆቹን ፊትና ጥርስ ማየት መሣሪያ አይጠይቅም፤ ለሚቀጥለው እርግዝና የሚሰጠውን ምክር ግን ሊለውጥ ይችላል።

ሦስተኛው ለእናቲቱ የሚሰጠው መልስ ነው። ባለሙያው የዘረ-መሉን ስም መጥራት አያስፈልገውም። ሕፃኑ ገና ከሩዝ ፍሬ ባነሰ ጊዜ፣ የፊቱንና የአንጎሉን መሐል የሚለይ አንድ መልእክት እንደ ጎደለው፣ ይህም በእንስሳት ሁሉ ላይ የሚደርስ የተፈጥሮ ስሕተት እንጂ የእርግማን ምልክት እንዳልሆነ በለዘበ ቃል ሊያስረዳት ይችላል። ባሏና ቤተሰቧ ባሉበት ቢነገር ደግሞ ሸክሟን ይበልጥ ያቀልላታል።